ነጠላ ዲኤንኤን መስታወት ላይ ይዞ ማየት፦ ከመስታወት እጥበት እስከ ካሜራ

አንድ ዲኤንኤ ብቻውን በካሜራ ይታያል ስል ብዙ ሰው ይጠራጠራል። ይታያል። ክፍሉን አጨልማችሁ ሌዘሩን ስትከፍቱ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ያበራሉ። ሥራው በደንብ ከተሠራ እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ሞለኪውል ነው።

ለምን እንዲህ እንደክማለን? ብልቃጥ ውስጥ ቢሊዮን ሞለኪውሎችን አንድ ላይ ስንለካ የምናገኘው አማካይ ነው። ግማሾቹ የታጠፉ፣ ግማሾቹ የተዘረጉ ቢሆኑ አማካዩ «ሁሉም በከፊል ታጥፈዋል» ይለናል። እንዲህ ያለ ሞለኪውል ግን ብልቃጡ ውስጥ አንድም የለም። አንድ በአንድ ስናያቸው ማን እንደታጠፈ፣ መቼ እንደተዘረጋ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እናውቃለን።

ከኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ወይም የፊዚክስ ዲግሪያቸውን ይዘው ለዶክትሬት የሚመጡ ልጆች ስለዚህ ዘዴ ሲጠይቁኝ ሁሌም የሚጀምሩት ከማይክሮስኮፑ ነው። ሌዘሩ ምን ያህል ጉልበት አለው? ካሜራው ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው ደስ ይለኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምወስዳቸው ወደ መታጠቢያው ገንዳ ነው። ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም መስታወቱ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ መስታወት ነው።

ዲኤንኤው ለምን መስታወት ላይ መያዝ አለበት?

አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ውሃ ውስጥ በነፃ የሚንሳፈፍ አጭር ዲኤንኤ የሌዘሩን ነጥብ በሚሊሰከንድ ውስጥ አልፎ ይሄዳል። መስታወት ላይ ከያዝነው ግን ያንኑ ሞለኪውል ለደቂቃዎች ማየት እንችላለን።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃኑ ነው። ተርፍ የሚባለው ዘዴ ሌዘሩን ከመስታወት ወደ ውሃ በጣም አጋድሎ ይልካል። ማዘንበሉ ከቋሚው መስመር ሲለካ 61 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ብርሃኑ ውሃው ውስጥ አይገባም፤ ተመልሶ ወደ መስታወቱ ይሄዳል። ድንበሩ ላይ ግን ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ብቻ የሚዘልቅ ስስ ብርሃን ይኖራል። መስታወቱ ላይ የተያዘው ዲኤንኤ እዚያ ውስጥ ስለሆነ ያበራል። ከዚያ በላይ የሚንሳፈፈው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ይህ ባይኖር የአንድ ሞለኪውል ብርሃን በሌላው ይዋጥ ነበር።

የምንለካው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሬትን፣ ማለትም ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው የሚሄደውን የጉልበት ቅብብል ነው። ዲኤንኤው ላይ የተያያዙ ሁለት የሚያበሩ ቀለሞች አሉ፦ ሳይ3 እና ሳይ5። አረንጓዴው ሌዘር ሳይ3ን ያነቃዋል። ሳይ5 ሩቅ ከሆነ ሳይ3 ራሱ ያበራል። ቅርብ ከሆነ ግን ጉልበቱን ለሳይ5 ይሰጥና ቀይ ብርሃን እናያለን። ርቀታቸው 5.5 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ጉልበቱን እኩል ይካፈላሉ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ወይም ጠጋ ሲሉ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ጉዳዩ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል የሚወሰን ነውና። ቴክጂፕ ሃ እና ባልደረቦቹ ይህን ቅብብል በአንድ ጥንድ ቀለም ደረጃ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ያኔም ቀለሞቹ የተያያዙት ከዲኤንኤ ጋር ነበር።

ዲኤንኤውን ማዘጋጀት

ሁለት ክር እዘዙ። የመጀመሪያው ጫፉ ላይ ባዮቲን፣ ማለትም በኋላ መስታወቱ ላይ የምንይዝበት ትንሽ ሞለኪውል፣ ይኑረው፣ ሳይ3ም እሱ ላይ ይሁን። ሳይ5 ሁለተኛው ክር ላይ ይሁን። ድርብ ዲኤንኤ ውስጥ ከአንዱ ጥንድ ፊደል እስከ ቀጣዩ 0.34 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ ቀለሞቹን በ16 ጥንድ ብታራርቋቸው በግምት ጉልበቱን እኩል የሚካፈሉበት ርቀት ላይ ትሆናላችሁ። ኤችፒኤልሲ በሚባለው የመለያ ዘዴ የተጣራውን እዘዙ። ዋጋው ይጨምራል፤ ግን ቀለም ያልያዘ ክር ከበዛ ከምታዩት ነጠብጣብ ብዙው ለሥራ አይሆንም።

ክሮቹን ስታጣምሩ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ባዮቲን የያዘውን 1 እጅ ካደረጋችሁ፣ ባዮቲን የሌለውን 1.2 እጅ አድርጉት። ትርፉ መስታወቱን የሚይዝበት ነገር ስለሌለው በእጥበት ይወገዳል። መስታወቱ ላይ የሚቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥንዱን ያገኘ ይሆናል። 10 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 8.0 እና 50 ሚሊሞላር ጨው ባለው በፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ በሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ ወደ 90 ዲግሪ አሙቁትና ማሞቂያውን አጥፍታችሁ እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ቱቦውን በፎይል ጠቅልሉት። ቀለም ብርሃን አይወድም።

መስታወቱን ማጠብ

ንፁህ ነው ተብሎ ከፋብሪካ የመጣ መስታወት ለእኛ ሥራ ንፁህ አይደለም። የጣት ቅባት ያበራል። የሳሙና ቅሪት ያበራል። ከፕላስቲክ የሚለቀቅ ነገር ያበራል። እኛ የምንፈልገው የአንድ ሞለኪውል ብርሃን ስለሆነ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ከዲኤንኤው ጋር እኩል ይታያል።

ስላይዱንም፣ ከቨርስሊፕ የሚባለውን ስሱን መስታወትም አብራችሁ እጠቡ። መጀመሪያ አሴቶን ውስጥ አድርጋችሁ ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ መሣሪያ) ላይ 20 ደቂቃ አቆዩት። በንፁህ ውሃ አለቅልቁ። ቀጥሎ 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ሌላ 20 ደቂቃ። እንደገና ደጋግማችሁ በውሃ አለቅልቁ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ያጠፋል፤ መነፅር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ።

ብዙ ላብራቶሪዎች ፒራኛ ይጠቀማሉ። ፒራኛ የሰልፈሪክ አሲድና የሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ድብልቅ ነው። በጣም ያፀዳል፤ በጣምም አደገኛ ነው። አሴቶን ካገኘ ይፈነዳል። ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ከተዘጋ ዕቃው ይፈነዳል። ለጀማሪ አልመክርም። ለዲኤንኤ ሥራ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ በቂ ነው።

መስታወቱ መፅዳቱን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ከውሃ ስታወጡት ዓይናችሁን ጣል አድርጉበት። ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ሙሉውን ፊት ከያዘ ፀድቷል። እዚህም እዚያም ጠብታ ከሠራና ደረቅ ቦታ ከተወ ቅባት አለበት፤ መልሱት። ይህን ፈተና አንድ ሳንቲም ሳታወጡ የትም ቦታ ልትለማመዱት ትችላላችሁ።

መሸፈን

አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ይጣበቃል። መስታወትም እንደዚያው ነው። የእኛ ማሟሻ ፔግ ይባላል። ረጅም፣ ውሃ የሚወድ፣ የኤሌክትሪክ ክስ የሌለው ሰንሰለት ነው። መስታወቱ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ሲቆም ሌላ ነገር አያስጠጋም። ከሰንሰለቶቹ ጥቂቶቹ ብቻ ጫፋቸው ላይ ባዮቲን ይይዛሉ። ዲኤንኤው የሚያያዘው እነሱ ላይ ብቻ ነው።

ፔግ በቀጥታ መስታወት አይይዝም፤ መሃል ላይ አሚኖሳይሌን ያስፈልጋል። 100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድና 1 ሚሊ ሊትር አሚኖሳይሌን ጨምሩ። መስታወቶቹን ለ20 ደቂቃ እዚያ ውስጥ አቆዩአቸው። ከዚያ በሜታኖልና በውሃ አጥባችሁ በናይትሮጅን ጋዝ አድርቁ። ጠርሙሱን ልብ ብላችሁ እዩት። አሚኖሳይሌን እርጥበት ካገኘው እርስ በርሱ ይያያዛል። ከደፈረሰ ወይም ታችኛው ላይ ዝቃጭ ካለው ጣሉት፤ ማሳዘን የለበትም።

አሁን ፔጉ። ጫፉ አሚንን እንዲይዝ የተዘጋጀ፣ ክብደቱ 5000 ዳልተን የሆነ ፔግ 80 ሚሊግራም መዝኑ። ባዮቲን ያለውን 2 ሚሊግራም ጨምሩበት። ዱቄቶቹ ከፍሪዘር እንደወጡ ክዳናቸውን አትክፈቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዙ ጠብቁ፣ አለበለዚያ እርጥበት ይስባሉ። 84 ሚሊግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ሟሙቶ፣ ፒኤቹ 8.5 ተደርጎ፣ በዚያው ቀን የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከዚህ ላይ 320 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ ዱቄቱ ላይ አፍስሱ። ከዚህ በኋላ ቡና የለም፣ ስልክ የለም። የፔጉ ጫፍ ውሃ ውስጥ በየደቂቃው ኃይሉን እያጣ ነው። አረፋው እንዲወጣ ለአንድ ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አድርጉና ስላይዱ ላይ 70 ማይክሮሊትር አኑሩ። ከቨርስሊፑን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አልብሱት። አረፋ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ፔግ የለም ማለት ነው።

ባዶ የፒፔት ቲፕ ሳጥን ከሥሩ ውሃ ጨምሩበትና መስታወቶቹን እዚያ ውስጥ አሳድሩ፣ ጨለማ ይሁን። በማግሥቱ አለያዩአቸው፣ በብዙ ውሃ አጥቧቸው፣ በናይትሮጅን አድርቋቸው። ፔግ የተቀባው ፊት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከደረቀ በኋላ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው፣ ባልተቀባው ፊት ጥግ ላይ፣ በአልማዝ ጫፍ ብዕር አንድ ትንሽ ፊደል ጫሩ። የሚመረጠው ፊደል ሲገለበጥ መልኩ የሚለወጥ ይሁን። «ገ» ይሆናል፤ «ሀ» ግን ተገልብጣም ያቺው «ሀ» ልትመስል ትችላለች። ተሸፍነው የደረቁት መስታወቶች ናይትሮጅን በተሞላ ቱቦ ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ።

ዲኤንኤ ብቻ የምታዩ ከሆነ፣ የምታጠኑት ፕሮቲን ከሌለ፣ አቋራጭ አለ። ባዮቲን የተያያዘበት ቢኤስኤ የሚባል ፕሮቲን፣ 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር፣ የታጠበ መስታወት ላይ ለ5 ደቂቃ አቆዩ። መስታወቱን እሱ ራሱ ይሸፍነዋል። ዲኤንኤ አሉታዊ ክስ ስላለው እዚህ ላይ ብዙም አይለጠፍም። የምታጠኑት ፕሮቲን ከመጣ ግን ወደ ፔግ መመለስ ግድ ነው።

ባዶውን ማየት

ስላይዱንና ከቨርስሊፑን በሁለት ፊት በሚለጠፍ ቴፕ አጣብቁ። በቴፖቹ መሃል ያለው ክፍተት ቻናል ይሆናል፤ የሚይዘው ከ10 እስከ 20 ማይክሮሊትር ነው። ስላይዱ ላይ በአልማዝ ድሪል የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች መግቢያና መውጫ ይሆናሉ። ጎኖቹን ቶሎ በሚደርቅ ኢፖክሲ ዝጉ።

ዲኤንኤ ለማስገባት እጃችሁ እንደሚቸኩል አውቃለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ባዶውን ቅረፁ። ይህን የምለው በእልህ ነው፤ ያለዚህ የሚሰበሰብ መረጃ አላምንም።

በፈር ብቻ አስገቡና ሌዘሩን ክፈቱ። ጥቁር ሜዳ ላይ አንድ ሁለት ነጠብጣብ ቢታይና ቶሎ ቢጠፋ ጥሩ ነው። ሜዳው በነጠብጣብ ከተሞላ ቆሻሻው ከየት እንደሆነ ፈልጉ። ነጠብጣቦቹ አንድ ቦታ ከቆሙ መስታወቱ ነው። የሚዋኙና የሚያልፉ ከሆነ በፈሩ ነው፤ 0.2 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፋችሁ አዲስ አዘጋጁ።

ቀጥሎ፣ ኒውትራቪዲን ሳታስገቡ፣ 50 ፒኮሞላር ዲኤንኤ አስገቡ። ባዮቲንና ባዮቲንን የሚያያይዘው ኒውትራቪዲን ነው፤ እሱ ከሌለ ዲኤንኤው የሚይዘው ነገር የለውም። ስለዚህ ካጠባችሁ በኋላ ሜዳው አሁንም ጥቁር መሆን አለበት። ዲኤንኤው ከተለጠፈ ፔጉ ሳስቷል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው አሚን አዎንታዊ ክስ አለው፣ ዲኤንኤው አሉታዊ ነው፤ ይሳሳባሉ። ይህን መስታወት ለማዳን አትልፉ። አዲስ አምጡ።

ሦስተኛው ኒውትራቪዲን ያለ ዲኤንኤ ነው። 0.2 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ 100 ማይክሮሊትር በፈር ለማጠብ። ሜዳው አሁንም ጥቁር ከሆነ ከዚህ በኋላ የሚበራው ሁሉ የእናንተ ዲኤንኤ ነው።

በእነዚህ ሁሉ እርምጃዎች ቻናሉ ውስጥ አየር እንዳይገባ ተጠንቀቁ። አንድ አረፋ ሲያልፍ መስታወቱ ላይ ያለውን ጠርጎ ይሄዳል።

ዲኤንኤውን ማስገባት

በ10 ፒኮሞላር ጀምሩ። ስክሪኑን እያያችሁ ጨምሩ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን 50 ፒኮሞላር እንኳ በ10 ማይክሮሊትር ውስጥ 300 ሚሊዮን ሞለኪውል አለው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ስክሪኑ ላይ ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር የሆነ ስፋት ይይዛል፤ ሞለኪውሉ ራሱ ከዚያ በጣም ቢያንስም ብርሃን ከዚህ በታች አይለይም። ስለዚህ ነጠብጣቦቹ ሳይነካኩ ተራርቀው መቆም አለባቸው። ቢያንስ ይሻላል፤ ከበዛ መቀነሻ የለውም። የቀጠነውን ዲኤንኤ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ። እንዲህ ሲቀጥን የቱቦው ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ ትናንት 50 የነበረው ዛሬ 50 አይሆንም።

ከመቅረፃችሁ በፊት ኦክስጅኑን አስወግዱ። ቀለሞቹን ቶሎ የሚገድላቸው እሱ ነው። 0.8 በመቶ ግሉኮስ፣ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ግሉኮስ ኦክሲዴዝና 0.04 ሚሊግራም ካታሌዝ ያለው በፈር አዘጋጁ። የመጀመሪያው ኤንዛይም ኦክስጅኑን ይበላል፣ ሁለተኛው ከዚያ የሚወጣውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሰባብራል። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን ሳይ5 ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ለዚህ መፍትሔው ትሮሎክስ ነው፣ 2 ሚሊሞላር ገደማ። የቫይታሚን ኢ ዘመድ ነው። ኤንዛይሞቹን መጨረሻ ላይ፣ ልትቀርፁ ስትሉ ጨምሩ። ግሉኮሱ ሲበላ አሲድ ስለሚፈጠር ፒኤቹ እየወረደ ይሄዳል፤ በየግማሽ ሰዓቱ በፈሩን ለውጡ።

መቅረፅና ማንበብ

532 ናኖሜትር ሌዘር፣ 1.49 ኤንኤ (ብርሃን የመሰብሰብ አቅም መለኪያ) ያለው የዘይት ሌንስ፣ በ100 ሚሊሰከንድ አንድ ምስል የሚያነሳ ኢኤምሲሲዲ የሚባል ደካማ ብርሃን የሚያጎላ ካሜራ የተለመደ አሠራር ነው። ሌዘሩን በትንሹ ጀምሩ። ማዘንበሉን ስታስተካክሉ አንድ ቦታ ላይ ከኋላ ያለው ብርሃን ድንገት ይጠፋና ነጠብጣቦቹ ጥርት ብለው ይወጣሉ። እዚያ ቁሙ። በዚህ ጊዜ ሌዘሩ ከሌንሱ በሰያፍ ሊወጣ ስለሚችል ሰዓትና ቀለበት አውልቁ፣ የሌዘር መነፅር አድርጉ፣ ፊታችሁን ወደ ናሙናው አታስጠጉ።

ከቪዲዮው ላይ የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ብርሃን በጊዜ ስትስሉ የሚያምረው ነገር ይመጣል። አንዱን ተመልከቱ። አረንጓዴው መስመር ዝቅ ብሎ፣ ቀዩ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ቀለሞቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ድንገት ቀዩ በአንድ እርምጃ ዜሮ ይገባል፣ በዚያችው ቅጽበት አረንጓዴው ይዘላል። ሳይ5 ሞተ፣ ሳይ3 ጉልበቱን የሚሰጠው አጣ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴውም በአንድ እርምጃ ይወድቃል። እርምጃዋ አንድ መሆኗ ነው ማስረጃው። ሁለት ሞለኪውል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ይወርድ ነበር። በሁለት እርምጃ የወረደውን ጣሉት።

የሳይ3 ብርሃን ትንሽ ድርሻው፣ 10 በመቶ አካባቢ፣ ወደ ቀዩ ወገን ይፈሳል፤ ቀንሱት። የሁሉንም ሞለኪውሎች የቅብብል መጠን በግራፍ ስትስሉ ሳይ5 የሌለው ዲኤንኤ ዜሮ አካባቢ የራሱን ጉብታ ይሠራል፤ እሱን «ሩቅ የሆነ ሞለኪውል» ብላችሁ እንዳትቆጥሩት ፊልሙ መጨረሻ ላይ ቀዩን ሌዘር ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱና ሳይ5 መኖሩን አረጋግጡ። የትኛውን መስመር እንደምትይዙና የትኛውን እንደምትጥሉ መረጃውን ሳታዩ በፊት ጻፉ። ዓይን የሚፈልገውን ይመርጣል። ከአንድ ቻናል ሳይሆን ከተለያዩ ቻናሎች፣ ከመቶ በላይ ሞለኪውል ሰብስቡ።

ልኬቱ ይታመናል ወይ ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የ20 ላብራቶሪዎች የጋራ ሥራ አለ። ሁሉም ተመሳሳይ ቀለም የያዙ ዲኤንኤዎችን በየራሳቸው መሣሪያ ለክተው ውጤታቸው በጣም ተቀራረበ። የመለኪያ ዲኤንኤ በእጃችሁ ይኑር።

የራሳችሁን ጥያቄ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ በሆሊደይ መጋጠሚያ ተለማመዱ። ሮቢን ሆሊደይ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ቅርፅ ነው፤ አራት ክሮች መሃል ላይ መስቀል ሠርተው ይገናኛሉ። ክንዶቹ በሁለት መንገድ ይደራረባሉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላውም ያለማቋረጥ ይገለባበጣሉ። ቀለሞቹ ሁለት ክንዶች ላይ ከሆኑ መስመሩ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ፤ አረንጓዴው ሲወጣ ቀዩ ይወርዳል። በ10 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ቅረፁት፣ ከዚያ በፈሩን ብቻ ለውጣችሁ 50 ሚሊሞላር አድርጉት። እዚያው ቦታ ላይ ያው ዲኤንኤ መገለባበጡን ያዘገያል። ከፍታዎቹ ሳይለወጡ ፍጥነቱ ብቻ ከተለወጠ መስታወቱም፣ በፈሩም፣ ካሜራውም ደህና ናቸው። በሚቀጥለው ቻናል የራሳችሁን ዲኤንኤ አስገቡ።